በሩ ከውጭ ሲቆለፍ

ጤና ይስጥልኝ። ዓምድዎን ሁሌም አነባለሁ፤ ለእኔም ተራ ይደርሰኛል ብዬ ግን አስቤ አላውቅም። የ34 ዓመት ሴት ነኝ። አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ ግቢ ስድስት አባወራ ሆነን በቀበሌ ቤት ነው የምንኖረው። ከእኔ ጋር አንድ የጭቃ ግድግዳ ብቻ የሚለየን ጎረቤት አለችኝ። ከአንዲት አሮጊት ላይ በደባልነት የተከራየች፣ ዕድሜዋ ቢበዛ 27 የሚሆን ልጅ ናት። ባሏ ዓምና ጥሏት ሄደ። ሁለት ልጆች አሏት፤ የ7 ዓመት ሴት እና 2 ዓመት ያልሞላው ወንድ። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ሰው ቤት ልብስ ልታጥብ ትወጣለች። ስትወጣ ልጆቹን ከውጭ ቆልፋባቸው፣ ቁልፉን አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ነው። ልጅቷ ትምህርት ቤት አልገባችም፤ ወንድሟን የምትጠብቀው እሷ ናት።

ጉዱ ማታ ነው። ሕፃኑ ሸንቶ ከቆየ፣ ውሃ ከተደፋ፣ ለነገ የተባለው ዳቦ ካለቀ ልጅቷ ትደበደባለች። በሽቦ ነው መሰለኝ፣ ድምፁ ያፏጫል። እኔ ሬዲዮ ከፍ አደርጋለሁ። ይህን ስጽፍልዎ እያፈርኩ ነው። አንድ ቀን ገብቼ "ኧረ ተይ፣ ልጅ እኮ ናት" ብላት "አንቺ የራስሽን አሳድጊ" አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ሰላምታችንም ቀዝቅዟል። ቀን ቀን በበሩ ስር ባለው ክፍተት ዳቦ አቀብላታለሁ። ትናንት እጇን ስትዘረጋ አንጓዋ ላይ የማንኪያ ጀርባ የሚያህል ክብ ቁስል አየሁ። ምን ሆነሽ ነው ስላት "ሻይ ፈሶብኝ" ብላ ቶሎ እጇን ሳበች።

ባሌ "ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባበትም፣ በሰው ቤት ምን አገባሽ" ይለኛል። የግቢው ሴቶች ደግሞ ፖሊስ ከመጣ እሷን ያስሯታል፣ ልጆቹን ማሳደጊያ ይከቷቸዋል፣ ከዚያ ለፈረንጅ በጉዲፈቻ ይሰጧቸዋል ይላሉ። እሷም እኮ ክፉ ሰው አይደለችም። ሌሊት ስታለቅስ እሰማታለሁ። ደግሞስ እኔ ማነኝ? ባለፈው ሳምንት የ9 ዓመት ልጄ ምሳ ዕቃውን ጥሎ ቢመጣ በጫማ መትቼዋለሁ። ምን ይሻለኛል?

ጭንቅ የገባት ጎረቤት

መልስ፦

እህቴ፣ አንቺ ብልሽ ቅር እንደማይልሽ ተስፋ አለኝ። ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። በሁለተኛው በበሩ ስር የምትዘረጋዋ እጅ ከዓይኔ አልጠፋ አለች። ስድስት አባወራ ባለበት ግቢ ያቺ ልጅ እጇን የምትዘረጋው ለአንቺ ነው። ስለ ሬዲዮው አፍረሽ ጽፈሽልኛል፤ ዳቦውን ግን እንደ ቁም ነገር ሳትቆጥሪው በጨረፍታ አለፍሽው። ከእናትየው ሌላ ያቺ ልጅ ቀን ላይ የምታየው አዋቂ ሰው አንቺ ብቻ ትሆኚያለሽ። ይህን ያዢልኝ፣ እመለስበታለሁ።

መጀመሪያ ስለ ቁስሉ። የፈሰሰ ሻይ ይረጫል፣ ወደ ታች ይወርዳል፣ ዳርና ዳሩ የተዘበራረቀ ነው። ክብ ሆኖ አንድ ቦታ የተቀመጠ ቃጠሎ፣ እጇን ቶሎ መሳቧ ሲጨመርበት፣ ሆዴን ባር ባር አሰኝቶኛል። ያላየሁትን ቁስል ከዚህ ሆኜ ልፈርድበት አልችልም። አንቺም መርማሪ አይደለሽምና ልጅቷን ደጋግመሽ አትጠይቂያት፤ ትፈራለች፣ የምትናገረውንም ትቀያይራለች። ግን ማየት የሚችል ባለሙያ ሊያየው ይገባል፣ እሱም በዚህ ሳምንት ውስጥ። "ትንሽ እንታገስ" የሚባለውን ምክር ለዱላም ብዙ አልወደውም፤ ለቃጠሎ ደግሞ ጨርሶ አይሆንም።

"እኛስ ተገርፈን አይደል ያደግነው" የሚልሽ አይጠፋም። እኔም በበርበሬ የታጠንኩ ነኝ። ስምንት ዓመቴ ነበር፣ ሱቅ የተላክሁበትን ብር ጥዬ ገባሁ። አያቴ በርበሬውን ፍም ላይ በትና ከላዬ ጋቢ ጣለችብኝ። ዛሬም ቤት ውስጥ በርበሬ ሲቆላ ወጥቼ ደጅ እቆማለሁ። አያቴን እወዳት ነበር፣ እሷም ትወደኝ ነበር፣ ያም ሆኖ ጢሱ አለቀቀኝም።

ባልሽ "በሰው ቤት ምን አገባሽ" ሲል ሕጉን ባያውቀውም በሕጉ ውስጥ ያለች አንዲት ቀዳዳ ላይ ቆሟል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 ልጆች በትምህርት ቤትና በማሳደጊያ ተቋማት ከአካል ቅጣት ነፃ ናቸው ይላል፤ ቤት ላይ ሲደርስ ዝም ይላል። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 576 ደግሞ ልጅ የሚያሳድግ ሰው ልጁን ቢያንገላታ፣ ችላ ቢል፣ ከአቅሙ በላይ ቢያሠራ ወይም ቢደበድብ ይቀጣል ካለ በኋላ፣ ወላጅ ሕግ ሳይጥስ ለአስተዳደግ ሲል የሚወስደውን የእርማት እርምጃ ከዚያ ያወጣዋል። ታዲያ ሽቦና ቃጠሎ በማን አፍ ነው አስተዳደግ የሚባለው? ለባልሽም ይህንኑ በለዘበ ቃል ንገሪው። በግድግዳው የሚመጣውን ድምፅ እሱም እየሰማ ነው የሚተኛው፤ ምናልባት ዝም በይ የሚልሽ እሱም ስለጨነቀው ይሆናል።

አሁን ወደ እናትየው። ልጆቹን ቆልፋ የምትሄደው ጨክና አይመስለኝም። ክፍት ብትተወው ሕፃኑ መንገድ ይወጣል፣ ሰው ይገባል ብላ ነው። ማንን ትመን? አሮጊቷ አቅም የላቸውም ይሆናል፣ ግቢው ደግሞ ያማታል። ቀኑን ሙሉ የሰው ልብስ ስታጥብ ውላ፣ እጇ በሳሙና ተበልቶ ስትመለስ፣ የ7 ዓመት ልጅ እናት ሆና ባለመዋሏ ትናደድባታለች። ይህ ጥፋቷን አያጠፋላትም። ግን ሴትየዋ ልትወጣው የማትችለው ነገር ውስጥ እንዳለች ካልገባን፣ ስድብና ዛቻ ብቻ ይዘን እንሄድና ማታ ዞሮ ልጅቷ ላይ ያርፋል። አንቺም ያን ቀን ስትገቢ ልክ ነበርሽ፤ ሰዓቱ ነው ያልሆነው። በንዴቷ መሀል ሰው ገባባት፣ ገመናዋ ተገለጠ፣ እሷም ተናከሰች።

ስለዚህ ቡና አፍይ። ዕረፍት ባላት ቀን ወይም ማታ ልጆቹ ሲተኙ ጥሪያት። ስለ ዱላው አታንሺ። "ሌሊት ስታለቅሺ ሰምቼ አዘንኩ" በያት፤ እውነት ነውና ለማለት አይከብድሽም። የራስሽንም ንገሪያት፣ ያቺን የጫማዋን። ፍጹም ከሆነች ጎረቤት ምክር የሚቀበል የለም፤ "እኔም ባለፈው ሳምንት እጄ ቀደመኝ" የምትልን ሴት ግን ሰው ይሰማታል። ከዚያ ስለ ልጆቹ አውሪ፦ ሕፃኑ ምን ይበላል፣ ልጅቷን ትምህርት ቤት ለማስገባት ምን ያዘሽ፣ አባትየው ይልካል ወይ? ምን አንቆ እንደያዛት የምታውቂው እዚያ ነው።

ወደ ወረዳ ጽሕፈት ቤት መሄዱን ግን ቡናው እስኪፈላ አታቆዪው፤ ነገውኑ ሂጂ። ከዝምታ እስከ ፖሊስ ጣቢያ ድረስ ብዙ በር አለ፣ የግቢሽ ሴቶች የሚያውቁት ሁለቱን ጫፎች ብቻ ነው። የወረዳችሁ ሴቶች፣ ሕፃናትና ማህበራዊ ጉዳይ ጽ/ቤት ሂጂና የሕፃናት ጉዳይ ባለሙያ ወይም ሶሻል ወርከር ጠይቂ። "ጎረቤቴን ልከስ መጣሁ" አትበይ። "ሁለት ልጆች ተቆልፎባቸው ይውላሉ፣ አንዷ እጇ ላይ ቃጠሎ አለ፣ እናትየዋ ብቻዋን ናት፣ እርዳታ ያስፈልጋታል" በይ። ያየሽውንና የሰማሽውን ብቻ፣ ከነቀኑ። ስምሽ እንዳይነሳ ጠይቂ፤ ግን ከአንድ ግድግዳ ወዲያ የምትኖር ሰው ማን እንደተናገረ አትገምትም ብዬ አልዋሽሽም። ለዚህም ነው ቡናው የሚያስፈልገው። ኋላ ብትሰማ እንኳ፣ ሰው ይዛ የመጣችባት ጠላት ሳትሆን ያዘነችላት ጎረቤት እንደሆነች ታውቃለች።

በእንዲህ ያለ ቢሮ ተስፋ ቆርጠሽ እንዳትመለሺ አስቀድሜ ልንገርሽ። እኔ አንዲት ዘመዴን ይዤ አንድ ጽሕፈት ቤት ሦስት ቀን ተመላልሻለሁ። "ስብሰባ ናቸው"፣ "መስክ ወጥተዋል"፣ "ነገ ኑ"። በሦስተኛው ቀን የተማርኩት ነገር ቢኖር ጉዳዩን በግማሽ ገጽ ጽፎ መዝገብ ቤት ገቢ ማስደረግና ቁጥሩን መያዝ ነው። ቁጥር ያለው ወረቀት ጠረጴዛ ላይ ብዙ አይተኛም። ሌላው መንገድ ጤና ኤክስቴንሽኗ ናት። ቤት ለቤት ስለምትዞር ማንም "ለምን መጣሽ" አይላትም፤ ሕፃኑን ልይ ብላ ገብታ የልጅቷንም እጅ ታያለች። ቁስሉ ካመረቀዘማ ጤና ጣቢያ መሄድ አለበት፤ "ዛሬ እኔ ላድርሳት" ማለት ለእናትየውም እርዳታ ነው።

አሁን ሸክሙን ስለሚያቀሉት ነገሮች። ልጅቷ 7 ዓመቷ ነው፣ አንደኛ ክፍል መግቢያዋ አሁን ነው። በአዲስ አበባ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ከ2012 ዓ.ም ጀምሮ ተማሪዎች ቁርስና ምሳ ይመገባሉ፣ ደብተርና ዩኒፎርምም ከተማው ይሰጣል። አስቢው፣ በቀን ሁለት ጊዜ የሚበላ ልጅ ቤት ስላለቀው ዳቦ አይደበደብም። ደግሞም ቀኑን የምትውለው አስተማሪ ዓይን ስር ነው። የሚቀረው ሕፃኑ ነው። በወረዳው የሕፃናት ማቆያ ካለ ቦታ እንዳለ ጠይቁ፤ ከሌለ በግቢው ውስጥ ከሚውሉት እናቶች አንዷ በጥቂት ብር ልትይዘው ትችል ይሆናል። ስድስት አባወራ ናችሁ። ሁሉም ሥራ ይውላል?

በ2009 ዓ.ም አዲስ አበባን ጨምሮ በ11 ከተሞች የተጀመረው የከተማ ሴፍቲኔትም አለ። መሥራት ለሚችል በአካባቢ ሥራ ላይ ተሰማርቶ ክፍያ፣ ለማይችል ደግሞ ቀጥታ ድጋፍ ነው። ምዝገባው በዙር ስለሆነ ዛሬ ሄዳ ነገ አታገኝም፣ ግን ስሟ ይግባ። እዚህ ጋ አንድ እንቅፋት ይታየኛል። ደባል ናት ብለሻል። መታወቂያ አላት? ከገጠር መጥታ መሸኛ ሳታመጣ የቀረች እንደሆነ ለማቆያውም ለሴፍቲኔቱም "የእኛ ነዋሪ አይደለችም" ሊሏት ይችላሉ። ብዙ እናቶች እዚህ ላይ ነው ተስፋ ቆርጠው የሚቀሩት። ይህ ከሆነ የሰፈሩን ዕድር ዳኛ አማክሪያቸው። ዕድር ቀብር ብቻ ይመስለናል፤ በኤች አይ ቪ ክፉ ዘመን ወላጅ ያጡ ልጆችን ያገዙ ዕድሮች ጥቂት አልነበሩም። ማህተም ያረፈበት "በመካከላችን ትኖራለች" የሚል ደብዳቤ አንዳንዴ ከመታወቂያ እኩል ይሠራል። አንዳንዴም አይሠራም። ቢሆንም ይሞከር።

አባትየውም እንዲሁ ከጨዋታ አይወጣም። ጥሎ ሄደ ማለት ቀለብ ከመስጠት ነፃ ሆነ ማለት አይደለም። የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማህበር አቅም ለሌላቸው ሴቶች ነፃ የሕግ ምክር ይሰጣል፤ የቀለብ ክስ ከሚያውቋቸው ጉዳዮች ዋናው ነው። የት እንዳለ ካወቀች፣ የሚሠራበትን ካወቀች ግማሹ ሥራ አለቀ።

"ለፈረንጅ ይሰጧቸዋል" የሚለውን ወሬ ግን ከነገ ጀምሮ ግቢው ውስጥ አስቁሚልኝ። የውጭ አገር ጉዲፈቻ በ2010 ዓ.ም በሕግ ቀርቷል። ማሳደጊያም ቢሆን ልጅን ከእናቱ፣ ከዘመዱ ወይም ከሌላ ቤተሰብ ጋር ማቆየት ሳይቻል ሲቀር የሚመጣ የመጨረሻ አማራጭ እንዲሆን ነው መመሪያው የሚያዘው። ይህ ወሬ ስንቱን ጎረቤት አፉን እንዳስያዘው ሳስብ ያናድደኛል።

ፖሊስስ? ቀጥታ ወደ እዚያ የምትሄጂበት ጊዜ አለ። ሌላ አዲስ ቃጠሎ ካየሽ፣ ልጅቷ ከተደበደበች በኋላ ከተዝለፈለፈች ወይም ከደማች፣ "እገድልሻለሁ" የሚል ከሰማሽ፣ በዚያው ሰዓት 991 ደውዪ። ጣቢያ ስትሄጂ የሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ የሚይዙትን ጠይቂ። ያኔ ባልሽን አታማክሪ፣ ቡናም አታፍዪ። ይቅርታ፣ እንዲህ ስል ያስፈራ ይሆናል፣ ግን በዚያ ሰዓት የምታስቢው የልጅቷን ነፍስ ብቻ ነው።

አንድ ያልጻፍሽልኝ ነገርም አለ፣ ልጠይቅሽ። ወደዚያ ቤት የሚመጣ ወንድ አለ? እናትየው ሳትኖር በሩን የሚከፍት፣ "አጎት" የሚባል? ልጅቷ ከሰው ትሸሻለች? ልብሷ ላይ ደም ወይም ስትቀመጥ የሚያማት ነገር አይተሻል? መልሱ አዎ ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው። ሳትታጠብ፣ ልብሷ ሳይቀየር፣ በ72 ሰዓት ውስጥ ሐኪም ማየት አለባት፣ ኤች አይ ቪ የሚከላከለው መድኃኒት የሚሠራው በዚያ ጊዜ ውስጥ ከተጀመረ ነውና። ጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል ሕክምናውን፣ ምክሩንና ፖሊሱን በአንድ ቦታ የያዘ ማዕከል አለው። እንዳያስፈልግሽ እመኛለሁ።

ስለ አንቺው የጫማ ነገር ብዙ አልልሽም። ልጅሽን ይቅርታ ጠይቂው። እናት ልጇን ይቅርታ ስትጠይቅ ክብሯ የሚቀንስ ይመስለናል፣ እኔም ይመስለኝ ነበር። ሌላ ቀን ደምሽ ሲፈላ ከቤት ወጥተሽ ቧንቧው ጋ ፊትሽን ታጠቢ፣ ምሳ ዕቃው እስክትመለሺ የትም አይሄድም።

ወደ ዳቦው ልመለስ። ዳቦውን አታቋርጪ። ግን በር ተዘግቶባቸው እሳት ቢነሳ፣ ከሰል ታፍኖ ቢያጥናቸው፣ ሕፃኑ ቢያንቀው፣ በዚያ ክፍተት አንቺ ማስገባት የምትችዪው እጅሽን ብቻ ነው። ከሁሉም በፊት ይሄ ያስፈራኛል። ስለዚህ ቡናው ላይ ከትምህርት ቤቱም በፊት አንድ ነገር ለምኛት፦ "ቁልፍ ለእኔ ተዪልኝ፣ ቀን ቀን ብቅ እያልኩ አያቸዋለሁ።" እምቢ ብትል አትቀየሚ፣ በሌላ ቀን ድገሚላት። ጓጉንቸር ሲገዛ ሁለት ሦስት ቁልፍ አብሮት ይመጣል። አንዱ አንገቷ ላይ ነው፤ ሌላው የት እንዳለ ጠይቂያት።